ትሮምቦን የያዘ ሰው ምን ይጫወት?

ፒያኖ የሚጫወት ሰው አይቸገርም። ሞዛርት አለለት፣ ቤትሆቨን አለለት፣ ቾፒን አለለት። ቫዮሊን የያዘም እንደዚያው ነው፤ ሜንዴልሶን ቢል፣ ቻይኮቭስኪ ቢል አዳራሹ ይሞላለታል። ትሮምቦን፣ ያን ቧንቧው የሚንሸራተት የናስ መሣሪያ፣ የያዘ ሰውስ? ትሮምቦን የያዘ ሰው ሠርግ አለው።

እሱም ድሮ ቀረ። አሁን ባህር ዳር ላይ የሚደግስ ሰው አንድ ኪቦርዲስትና አንድ ድምፃዊ ካገኘ በቃው። ትራምፔቱም፣ ሳክስፎኑም፣ ትሮምቦኑም ኪቦርዱ ውስጥ ተጭኗል። ልጁ አንዲት ቁልፍ ይነካና እኔ ስንት ዓመት የለፋሁበትን ድምፅ ያወጣዋል። ደህና አድርጎ አያወጣውም፤ ግን ሙሽሮቹ ምን ተዳቸው! አልፈርድባቸውም። አራት የትንፋሽ ተጫዋች አጓጉዞ፣ አብልቶና ከፍሎ መሸኘት በዚህ ኑሮ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ጊዜ አለኝ። ጊዜ ያለው ትሮምቦን ተጫዋች ደግሞ ማንም ስማቸውን የማይጠራቸውን ኮንቼርቶዎች ሲያሳድድ ይውላል። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እነሱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ ኋላ እንዳንጣላ።)

ኮንቼርቶ ምንድን ነው ለምትሉ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ተጫዋች ከፊት ይቆማል፣ ኦርኬስትራው ከኋላው ይሆናል። አንዴ እሱ ይናገራል፣ አንዴ እነሱ ይመልሱለታል፣ አንዴ አብረው ይነጉዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፤ ፈጣን፣ ዝግ ያለ፣ ከዚያ እንደገና ፈጣን። የሆነ ቦታ ላይ ሁሉም ዝም ይሉና ተጫዋቹ ብቻውን ይለቀቃል። ይኼን ካዴንዛ ይሉታል። አዝማሪ ቤት አምሽቶ የሚያውቅ ሰው ይኼ ነገር አይከብደውም፤ አውጪና ተቀባይ ማለት ነው።

የኔ ኮንቼርቶ የሩሲያዊው ደራሲ የሪምስኪ ኮርሳኮቭ ነው። ሰውዬውን ሸህራዛድ በተባለው የኦርኬስትራ ሥራው የምታውቁት ትኖራላችሁ። ሸህራዛድን ባትሰሙ እንኳን የንብ በረራ የምትባለዋን ጥድፊያ የሆነ ቦታ ሳትሰሟት አትቀሩም። ይኸው ሰው በ1877 ለትሮምቦን ኮንቼርቶ ጽፏል። አጃቢው ግን ኦርኬስትራ እንዳይመስላችሁ። የወታደር ባንድ ነው! ቫዮሊን የለ፣ ቼሎ የለ። ክላርኔት፣ ትራምፔት፣ ሆርን፣ ቱባ፣ ከበሮ፤ እንግዲህ እኛ ያደግንበት ነገር ነው።

ታሪኩ ደስ ይላል። ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ከሙዚቃው በፊት የባህር ኃይል መኮንን ነበር። በ1873 የሩሲያ ባህር ኃይል ባንዶች ተቆጣጣሪ አድርገው ሾሙት፤ እስከ 1884 ሠራበት። ያን ጊዜ የፒተርስቡርግ ኮንሰርቫቶሪ ፕሮፌሰርም ነው። ሌላ ፕሮፌሰር ቢሆን ቢሮው ቁጭ ብሎ ይፈርም ነበር። እሱ ግን ትሮምቦን፣ ክላርኔትና ፍሉት አስመጥቶ፣ ለበጋ ዕረፍት በወጣበት ገጠር ቁጭ ብሎ ራሱን ማስተማር ጀመረ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ይሰሙት እንደነበር በትዝታ መጽሐፉ ጽፏል።

ይቺን ሳነብ ለአከራዬ ልነግራቸው አማረኝ። የምኖረው እዚሁ ባህር ዳር፣ ሽምብጥ የሚባል ሰፈር ነው። ግቢው ውስጥ ላም አለች፣ ጥጃ አለ። እትዬ ትሮምቦኑን ከሳጥኑ ሳወጣ ካዩኝ፣

«ልጄ፣ ያቺን ነገር ዛሬም ልትነፋት ነው?» ይላሉ።

«አንድ ሰዓት ብቻ ነው እትዬ።»

«አይ፣ ለእኔስ ግድ የለም። ጥጃው ነው እንጂ፤ እናቱ የመጣች እየመሰለው ገመድ ሊበጥስ ነው።»

ስለዚህ ረዘም ያለ ልምምድ ካለኝ ጣና ዳር እወርዳለሁ። በማለዳ ከሆነ ከሐይቁ ዳር የተሻለ ቦታ የለም። አሳ አጥማጆቹ ለምደውኛል። ታንኳቸው ላይ እንዳሉ እጃቸውን አንስተው ሰላም ይሉኝና ይቀዝፋሉ። አንዱ እንደውም «ዛሬ ቶሎ ጀመርክ፣ አሳው ገና አልነቃም» ብሎኛል። ከሰዓት በኋላ ግን አይሞከርም። ነፋሱ ይነሳና ኖታውን ይዞት ይሄዳል። ልብስ ገመድ ላይ የምንይዝበት መቆንጠጫ በኪሴ ይዤ የምዞረው ለዚህ ነው።

ትሮምቦን ቁልፍ የለውም። ያለው ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት ቧንቧ ነው። ሰባት ማቆሚያ ቦታ አለው፤ አንዱም ላይ ምልክት የለም። ጆሮህ ካልነገረህ ክንድህ አያገኘውም። ቧንቧው እንዲሮጥ ክሬም ትቀባውና ውሃ ትረጭበታለህ። እኔ ፀጉር ቤት የሚጠቀሙባትን ትንሽ የውሃ መርጫ ነው የያዝኩት። የሐይቁ ዳር ደቃቅ አሸዋ ግን ጠላት ነው። አንዲት ቅንጣት ከገባች ቧንቧው ክርር ይላል፤ የዚያን ቀን ልምምድ አበቃ ማለት ነው።

የሪምስኪ ኮርሳኮቭ ሁለተኛ ክፍል የሚፈትነው ይኼንኑ ቧንቧ ነው። ዝግ ያለ ነው፤ እየዘፈንክ ተጫወት ይልሃል። ችግሩ፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ስታልፍ ቧንቧው መሃል ላይ ካረፈደ የሰካራም ዜማ ይሆናል። ክንድ መፍጠን አለበት፣ ትንፋሽ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ መፍሰስ አለበት። ሁለቱ አይስማሙም። ክንድ ሲፈጥን ትንፋሽም አብሮ ይደነግጣል። እኔ መጀመሪያ መስመሩን በአፌ አዜመዋለሁ። ቀጥሎ በከንፈሬ ንዝረት ብቻ፣ ያለ መሣሪያው፣ ዝንብ እስክመስል ድረስ። ትሮምቦኑን የማነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ታንኳ ላይ ያሉት ሰዎች ይኼን ሲያዩ ምን እንደሚሉ ባላስበው ይሻላል።

ታላቅ ሥራ ነው ወይ? ብዬ አልሟገትም። አስር ደቂቃ ገደማ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ተጣድፎ ያልቃል፤ ባንዱም ብዙ ቦታ ላይ ከማጀብ ያለፈ ሥራ አልተሰጠውም። ደራሲው ራሱ የጻፈው በየኮንሰርቱ የሚደጋገመው ነገር ስለሰለቸውና ለሶሎ ተጫዋች መጻፍን ለመለማመድ እንደሆነ ተናግሯል። በዚያው ሰሞን ለኦቦና ባንድ፣ ለክላርኔትና ባንድም ጽፏል። የትሮምቦኑን በ1878 ክሮንሽታት በምትባለው የባህር ኃይል ከተማ ሊዮኖቭ የሚባል ሰው ተጫወተው። ግን ሁለተኛው ክፍል... እሱን ለማንም አልሰጥም።

ባለፈው ዓመት ጓደኞቼን ሰብስቤ ለሕዝብ አቀረብነው። ባንድ ነበረን እንዳትሉኝ። አንድ ክላርኔት፣ አንድ አልቶ ሳክስፎን፣ ከኔ ዘንድ የምትማር የትራምፔት ልጅ፣ አንድ ከበሮና አንድ ኪቦርድ። ኪቦርዲስቱ ያው ሥራዬን የነጠቀኝ የሠርግ ሰው ነው፤ ግን ጥሩ ልጅ ነው፣ ኖታም ያነባል። የጎደለውን ሁሉ እሱ ይሸፍን ተባባልን። ቦታው ጣና ዳር ያለ አንድ አዳራሽ ነበር። ከእኛ በፊት የግጥም ምሽት ስለነበረ ሰዉ ሳይወጣብን ያዝነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ክፍል እንዳለቀ ሰዉ አጨበጨበ። ከመሃላችን አንዷ ፊቷን ቅጭም አደረገች፤ በክፍሎች መሃል አይጨበጨብም የሚባል ሕግ ተምራለች። እኔ ግን ደስ አለኝ። በሞዛርት ጊዜ እንኳን በክፍሎች መሃል፣ ጨዋታው እየሄደም ይጨበጨብ ነበር። በ1778 ፓሪስ ላይ ሲምፎኒው ሲቀርብ ሰዉ መሃል ላይ ማጨብጨቡን በኩራት ነው ለአባቱ የጻፈው። ሞዛርት ያልተቆጣበትን እኛ ምን ቤት ነን?

ሁለተኛው ክፍል መሃል ላይ መብራት ሄደ።

ኪቦርዱ ጸጥ አለ። ግማሹ አጃቢያችን እሱ ነበር። እኔ ረጅም ድምፅ ላይ ነበርኩ፤ ትንፋሼ እስኪያልቅ ያዝኩት፣ ሌላ ምን ላድርግ። ክላርኔቷ ጓደኛችን ሳትነገር የኪቦርዱን መስመር ገባችበት፤ በልምምድ ስትሰማው ቆይታ ይዛዋለች። ሳክስፎኑ ባሱን ያዘ። ከፊት የተቀመጡ ሰዎች የስልካቸውን ባትሪ አብርተው ኖታችን ላይ አበሩልን። እንዲያ ሆኖ አለቀ። ለወታደር ባንድ የተጻፈ ነገር መብራት ኃይልን አይለምንም። አንድ የታወቀ የፒያኖ ኮንቼርቶ በኪቦርድ ይዘን ቢሆን ኖሮ እዚያው ነበር የምንበተነው።

ሦስተኛው ክፍል ማርሽ ማርሽ ይላል። ሲጀመር ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እግራቸው ወለሉን መምታት ጀመረ። ሲያልቅ መጥተው እጄን ጨበጡኝ። የድሮ ጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ይጫወቱ ነበር።

«የማን ነው ይኼ?» አሉኝ።

«የሩሲያ ነው ጋሼ። የባህር ኃይል ባንድ ተቆጣጣሪ የጻፈው።»

«አልኩ እኮ! የባንድ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል፤ መተንፈሻ ቦታ ትቶልሃል።»

ስለዚህ ኮንቼርቶ ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ እንደዚህ የገባኝ የለም። ትሮምቦንን ራሱ ነፍቶ የሚያውቅ ደራሲ ተጫዋቹ ሳንባ እንዳለው አይረሳም። ወዲያው ግን ሌላ ጎልማሳ መጣና «ጥሩ ነው፤ ዘፈኑ ግን መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። እሱንም አቅፌ ሳቅኩ። ትዝታን አንድ ዙር ተጫውተንለት ሸኘነው።

የትራምፔቷ ልጅ ከዚያ ምሽት በኋላ «ቲቸር፣ የኔስ?» ትለኝ ጀመር። ልክ ናት። ለትራምፔት ሁሉም ሰው የሚያውቀው የሃይድን ኮንቼርቶ አለ። እኔ ግን የአሩቱኒያንን ሰጠኋት። አሌክሳንደር አሩቱኒያን አርመናዊ ነው፤ በ1920 ዬሬቫን ተወልዶ በ2012 እዚያው አረፈ። ኮንቼርቶውን ለአንድ ትራምፔት ተጫዋች ወዳጁ ነበር ያሰበው። ወዳጁ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞተ፤ ሥራው ያለቀው በ1950 ነው። ክፍሎቹ አይቋረጡም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ጉዞ ይሄዳል። በዓለም ያስተዋወቀው ቲሞፌይ ዶክሺትሰር የሚባለው የሩሲያ ትራምፔት ተጫዋች ነው። ትራምፔት ተጫዋቾች ሁሉ ያውቁታል፤ ከእነሱ ውጪ ግን ለስንቱ ሰው ጠይቄ «ማን?» ተብያለሁ።

አርመን የመረጥኩት በከንቱ አይደለም። የናስ መሣሪያ፣ ትራምፔቱም ትሮምቦኑም፣ ወደ አገራችን የገባው በሁለት በር ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ዛር ኒኮላስ ሁለተኛ ለአጼ ምኒልክ የባንድ መሣሪያዎች ላኩ። በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው፣ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ባንድ ሲጫወቱ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሠራ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በትያትር ቤቶቻችን ስንቱን ሙዚቀኛ ኮትኩቶ አሳደገ። እንግዲህ እኔ የሩሲያውን ስጫወት፣ ልጅቷ የአርመኑን ስትጫወት፣ ሩቅ አገር የሄድን አይመስለኝም። ይኼን ስነግራት ግን ልጅቷ ብዙም አልገረማትም። እሷ የወደደችው መሃል ላይ ያለውን፣ ትራምፔቱ አፉ ላይ ሱርዲን ተደርጎለት ድምፁ ቀጭን የሚሆንበትን ዝግ ያለ ክፍል ነው። ሱርዲን ማለት ያ የትራምፔት መድፈኛ ነው፤ እሱን ከአዲስ አበባ እስኪያመጡልን ድረስ በጨርቅ ተቸግራለች።

ዳታ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ይኼን ኮንቼርቶ የሰማነው በፍላሽ ነው። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ጭኖ አመጣ፣ ከእጅ እጅ ዞረ። አሁን ሳስበው በደንብ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሌላ የሚሰማ ነገር ስላልነበረ እስኪሸመደድ ደጋገምኩት።

አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ስለነዚህ ነገሮች ሳወራ ይስቅብኛል። «ጥሩ ቢሆኑ ኖሮ ይታወቁ ነበር» ነው ክርክሩ። ግማሹ እውነት ነው። ብዙ የተረሳ ኮንቼርቶ የተረሳው አሰልቺ ስለሆነ ነው። እኔም ለትሮምቦን ስለተጻፈ ብቻ ጥርሴን ነክሼ የጨረስኩት አለ፤ ሁለተኛ አልመለስበትም። ግን የሃይድንን የቼሎ ኮንቼርቶ፣ ሲ ሜጀሩን፣ ምን ልትለው ነው? ዛሬ ቼሎ የሚማር ሁሉ ይጫወተዋል። ኖታው ግን ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ጠፍቶ ነበር። የተገኘው በ1961 ፕራግ ውስጥ፣ ብሔራዊ ሙዚየሙ ካከማቸው ወረቀት መሃል ነው። ባይገኝ ኖሮ መጥፎ ነበር ልንል ነው? የትራምፔቱም ቢሆን እንደዚያው። ሃይድን በ1796 የጻፈው ለአንቶን ቫይዲንገር ነው። ሰውዬው ቁልፍ ያለው ትራምፔት ይዞ መጣ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ትራምፔት ጥቂት ድምፆች ብቻ ነበሩት። ሁመል የሚባል ደራሲም ለዚያው ሰው ሌላ ኮንቼርቶ ጻፈለት፤ በ1804 የአዲስ ዓመት ዕለት ነው የተሰማው። ከዚያ ያ መሣሪያ ከፋሽን ወጣ፤ ኮንቼርቶዎቹም አብረውት ተኙ። ጥፋቱ የሙዚቃው አልነበረም።

ጓደኛዬ አልተሸነፈም። «እሺ፣ አንተ አግኝልኝና እሰማለሁ» አለ። እኔም አገኘሁለት። ሳክስፎን ስለሚወድ የሩሲያዊውን ደራሲ የግላዙኖቭን ሰጠሁት። በ1934 ለአልቶ ሳክስፎንና ለአውታር ኦርኬስትራ (ቫዮሊን፣ ቼሎና መሰሎቻቸው ብቻ ላሉበት) የተጻፈ ነው፤ አንድ ወጥ ክፍል። ለሁለት ሳምንት ያህል ድምፁ ጠፋ፤ ከዚያ ሌላ አለህ ወይ ብሎ ደወለ። የእንግሊዛዊውን የቮን ዊሊያምስን የቱባ ኮንቼርቶ ሰጠሁት። ቮን ዊሊያምስ በ1954 ሲቀርብለት 81 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ ማንም ለሶሎ የማይመርጠውን፣ ከኋላ ተቀምጦ ኡም ፓ የሚለውን መሣሪያ ከፊት አቆመው። መሃለኛው ክፍል፣ ሮማንሳው፣ ቱባ ነው ብሎ የሚያምን የለም።

ከእኛም ሰው አለ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ለፍሉት የጻፈው፣ የእረኛን ዋሽንት ያሰበበት ሥራ አለ። ጎጃም ውስጥ ዋሽንት ሰምቶ ያደገ ፍሉት ተጫዋች ይኼን ሳያውቅ የፈረንጁን ብቻ ሲያሳድድ ሳይ ይቆጨኛል።

አሁን ያለነው ላርሶን ላይ ነው። ላርስ ኤሪክ ላርሶን ስዊድናዊ ነው። በ1950ዎቹ አስራ ሁለት ትንንሽ ኮንቼርቶዎችን ጻፈ። ለፍሉት አንድ፣ ለኦቦ አንድ፣ ለትሮምቦን አንድ፣ ለኮንትራባስ አንድ፣ እንዲህ እያለ ለየመሣሪያው አዳረሰ። አጃቢዎቹ አውታሮች ብቻ ናቸው፤ እነሱንም አማተር ኦርኬስትራ እንዲችላቸው አድርጎ ነው የጻፋቸው። ሲጽፍ ያሰበው በርሊንን ወይ ቪየናን አልነበረም፤ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ተሰብስበው የሚለማመዱ ሰዎችን ነበር። የትሮምቦኑን ሳይ እጄን አሳከከኝ።

ችግሩ አውታሩ ነው። ባህር ዳር ላይ ቫዮሊን የሚይዙ ሁለት ሰዎች አግኝቻለሁ። አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ወዳጄ «ኖታ አላነብም፣ ግን ከስልክ አሰማኝ» አለና የቫዮላውን መስመር በጆሮው ብቻ ያዘው። አንዳንድ ቦታ የራሱን ጌጥ ይጨምርበታል። ላርሶን ቢሰማው ምን ይል ይሆን፤ እኔ ግን አላስተወውም፣ አምሮበታል። የቀረን ባሱ ነው። ኪቦርዲስቱ ልሸፍን ብሏል፤ መብራት እስካለ ድረስ።

ስለዚህ ባህር ዳር ውስጥ፣ ወይ ጎንደር፣ ወይ ደብረ ማርቆስ፣ አልጋ ሥር ቼሎ ያስቀመጠ ሰው ካለ ይጻፍልኝ። አውታሩ የተበጠሰም ቢሆን ግድ የለም፣ እናስቀጥለዋለን። ልምምዱ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጥጃው አድጎ ስለተሸጠ እትዬ ግቢውን ፈቅደውልናል።